የኦቾሎኒ ዘይት ጠባይ እንዴት ይወረሳል?

ኦቾሎኒ በየመንገዱ ከቆሎ ጋር ስለሚሸጥ አብዛኞቻችን እንደ መክሰስ እንጂ እንደ ዘይት ተክል አንቈጥረውም። ነገር ግን ከደረቀው ፍሬ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ስለዚህ የኦቾሎኒን ዘር ለማሻሻል የሚደክሙ ሰዎች ዘወትር ሁለት ጥያቄ ያነሣሉ። አንደኛው «በፍሬው ውስጥ ምን ያህል ዘይት አለ?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ዘይቱ ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተቀራረቡ ይመስላሉ፤ በዘር ውርስ ረገድ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ ድረስ አዳቃዮችን ያደክማል። ሁለተኛው ደግሞ በአብዛኛው በሁለት ጂኖች ብቻ የሚወሰን ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መንደል በአተሮቹ ላይ የሠራውን ሒሳብ የሚያውቅ ማንኛውም ተማሪ ሊከታተለው ይችላል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የምዘገየው በሁለተኛው ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ዘይቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዘይት ማለት የስብ አሲድ የሚባሉ ረዣዥም የካርቦን ሰንሰለቶች ሦስት ሦስት እየሆኑ ከግሊሰሮል ጋር ተያይዘው የሚሠሩት ነገር ነው። በኦቾሎኒ ዘይት ውስጥ ብዙ ዓይነት የስብ አሲዶች ቢኖሩም፣ ሁለቱ ብቻ፣ ማለት ኦሌይክና ሊኖሌይክ የሚባሉት፣ ከጠቅላላው 80 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። ፓልሚቲክ የተባለው 10 በመቶ ያህል ሲሆን የቀሩት ጥቂት ጥቂት ናቸው። ኦሌይክም ሊኖሌይክም እያንዳንዳቸው 18 ካርቦን አላቸው። ልዩነታቸው ኦሌይክ በ9ኛው ካርቦን ላይ አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ሲኖረው፣ ሊኖሌይክ በ9ኛውና በ12ኛው ላይ ሁለት ያለው መሆኑ ነው።

ይህች ትንሽ ልዩነት በጓዳ ውስጥ ትልቅ ትሆናለች። በሁለቱ ድርብ ትስስሮች መካከል ያለው 11ኛው ካርቦን ሃይድሮጅኑን በቀላሉ ይለቃል፤ ኦክሲጅንም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ኦክሲጅን ከገባ በኋላ ሰንሰለቱ እየተሰባበረ የሚተኑ ትንንሽ ነገሮችን ይወልዳል። አፍንጫችን «ይህ ዘይት ሸትቷል» ብሎ የሚፈርደው እነዚህን አሽትቶ ነው። ሊኖሌይክ ከኦሌይክ ይልቅ ዐሥር እጥፍ ያህል ፈጥኖ ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል። በአገራችን የኑግ ዘይት ብዙ ሲቀመጥ ሽታው እንደሚለወጥ የማያውቅ ቤት የለም፤ ምክንያቱም ከኑግ ዘይት ውስጥ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው ሊኖሌይክ በመሆኑ ነው። የተለመደው ኦቾሎኒ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ኦሌይኩ ከ40 እስከ 60 በመቶ፣ ሊኖሌይኩ ደግሞ ከ20 እስከ 40 በመቶ እያለ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ይለያያል። ተቈልቶ በጥቅል የተቀመጠ ኦቾሎኒ ከጊዜ በኋላ ጣዕሙ የሚበላሸውም በዚህ ሳቢያ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ሊኖሌይኩ ያነሰና ኦሌይኩ የበዛ ኦቾሎኒ በማዳቀል ይገኛል ወይ የሚል ነበር። መልሱን ለመረዳት ስለ ተክሉ ትውልድ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። የምንበላው ኦቾሎኒ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን 40 ክሮሞሶም አለው። የተገኘውም እያንዳንዳቸው 20 ክሮሞሶም ያላቸው ሁለት የዱር ዘመዶች ተዳቅለው፣ የዲቃላውም ክሮሞሶም በእጥፍ ስለ በዛ ነው። እነዚህ ወላጆች አራኪስ ዱራኔንሲስና አራኪስ ኢፓየንሲስ ይባላሉ፤ የሁለቱም ሙሉ የዘር መዝገብ በ2016 ታትሟል። የሊቃውንቱ ግምት ይህ መዳቀል የሆነው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ የኦቾሎኒ ሕዋስ ሁለት የተመሳሰሉ ቤተሰቦችን በአንድ ጣራ ሥር ያኖራል፤ እነርሱም የ«ኤ» ወገንና የ«ቢ» ወገን ይባላሉ። በአንዱ ወገን ያለ ጂን ቢበላሽ እንኳ በሌላው ወገን ያለው እኅቱ ሥራውን ስለሚሸፍን፣ ጉድለቱ ከውጭ አይታይም። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነውና።

በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የኦቾሎኒ አዳቃዮች በሰበሰቧቸው በመቶ የሚቈጠሩ መሥመሮች ውስጥ የዘይቱን ዓይነት ሲመረምሩ፣ ከሌሎቹ ፈጽሞ የማይመሳሰል አንድ መሥመር አገኙ። ኖርደን፣ ጎርቤት፣ ናውፍትና ያንግ በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ኤፍ 435 የሚል ስም የተሰጠው ይህ መሥመር 80 በመቶ ኦሌይክና 2 በመቶ ያህል ሊኖሌይክ ብቻ ነበረው። በተለመደው ኦቾሎኒ ኦሌይክ ለሊኖሌይክ ሲካፈል ውጤቱ አንድ ወይም ሁለት ሲሆን፣ በዚህኛው 40 ገደማ ሆነ። ማንም በጨረር ወይም በመድኃኒት አልለወጠውም፤ የተፈጥሮ ለውጥ ነው። ፍሬው ቢታይ፣ ቢዳሰስ፣ ቢቀመስም እንኳ ከጎረቤቱ በቀላሉ የሚለይ አይደለም። ኬሚስት ባይኖር ኖሮ ከብዙዎቹ መሥመሮች እንደ አንዱ ሆኖ ያልፍ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ማለት በ1989፣ ሙርና ናውፍት ይህን መሥመር ከተለመዱ መሥመሮች ጋር አዳቅለው የልጅ ልጆቹን ቈጠሩ። በአንዱ ማዳቀል ከአራት ፍሬ አንዱ ከፍተኛ ኦሌይክ ያለው ሆነ፤ ይህ የታወቀው 3 ለ 1 ነው። በሌላው ማዳቀል ግን ከዐሥራ ስድስት አንዱ ብቻ ሆነ፤ ይህም 15 ለ 1 ነው። አንድ ጠባይ፣ ሁለት ዓይነት ቍጥር! የሰጡት ትርጓሜ ጠባዩን የሚያስገኙት ሁለት ድብቅ ጂኖች ናቸው የሚል ነበር። ኦሌይኩ ከፍ የሚለው ሁለቱም ጂኖች በሁለቱም ቅጂዎቻቸው ሲለወጡ ብቻ ነው። ሁለቱም ያልተለወጡበት ወላጅ ሲቀርብ፣ አንድ አራተኛ በአንድ አራተኛ ሲባዛ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይሆናል። ከወላጆቹ አንዱ ከሁለቱ አንዱን ለውጥ አስቀድሞ በስውር ይዞ ከሆነ ግን የሚቀረው አንድ ጂን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከአራት አንዱ ይወጣል።

ይህ የቍጥር ልዩነት ለመጽሐፍ ብቻ የሚሆን አይደለም። ቢያንስ አንድ ተፈላጊ ፍሬ ለማግኘት ከመቶ 95 ያህል ተስፋ እንዲኖረን ብንፈልግ፣ በ3 ለ 1 ማዳቀል 11 ፍሬ መመርመር ይበቃል፤ በ15 ለ 1 ግን 47 ፍሬ ያስፈልጋል። ኦቾሎኒን በእጅ ማዳቀል ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። አበባው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለ ሆነ፣ የወንዴውን ክፍል በዋዜማው ምሽት በወረንጦ ነቅሎ በማግሥቱ ጧት የሌላውን ዱቄት ማምጣት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የአበባው ሥር ረዝሞ ወደ መሬት ይገባና ፍሬውን ከአፈር በታች ይሠራል። አዳቃዩ የድካሙን ዋጋ የሚያየው ቈፍሮ ሲያወጣ ነው።

የሙርና የናውፍት ሁለት ጂኖች ምን እንደ ሆኑ የታወቀው ወደ 2000 ገደማ በወጡት ምርምሮች ነው። ተክሉ መጀመሪያ ኦሌይክን ይሠራል፤ ቀጥሎ አንድ ኤንዛይም በ12ኛው ካርቦን ላይ ሁለተኛውን ድርብ ትስስር ይጨምርና ወደ ሊኖሌይክ ይለውጠዋል። ይህን ኤንዛይም የሚያዘው ጂን ፋድ ሁለት ይባላል። ከላይ እንዳልነው ኦቾሎኒ ሁለት ወገን ስላለው ጂኑም ሁለት ነው፤ አንዱ በ«ኤ» ወገን፣ ሌላው በ«ቢ» ወገን ይገኛል። ሁለቱም ሲሰናከሉ ኦሌይኩ ወደፊት የሚያሻግረው አጥቶ ባለበት ይከማቻል። እንግዲህ ከፍተኛ ኦሌይክ ማለት አዲስ ችሎታ ማግኘት ሳይሆን አሮጌ ችሎታ ማጣት ነው። ጠባዩ ድብቅ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ከአራቱ ቅጂዎች አንዱ እንኳ ጤነኛ ከሆነ ሥራው ይሠራል። ሆኖም ድብቅነቱ ፍጹም አይደለም፤ ጤነኛ ቅጂዎቹ ባነሱ መጠን ኦሌይኩ በመጠኑ ከፍ ይላል።

መሰናክሎቹ ራሳቸው እጅግ ጥቃቅን ናቸው። በ«ኤ» ወገን ጂን ላይ 448ኛዋ የዲኤንኤ ፊደል ከጂ ወደ ኤ ተለውጣለች። በዚህ ምክንያት በኤንዛይሙ 150ኛ ቦታ ላይ አስፓርቲክ አሲድ መሆን የሚገባው አስፓራጂን ይሆናል። ቦታው ኤንዛይሙ ብረት ከሚይዝበት ክፍል አጠገብ ስለ ሆነ፣ ፕሮቲኑ ቢሠራም ጕልበት የለውም። በ«ቢ» ወገን ጂን ላይ ደግሞ ከ441ኛዋ ፊደል ቀጥሎ አንዲት ኤ ገብታለች። የዘር ፊደል ሦስት ሦስት እየሆነ ስለሚነበብ፣ አንዲት ፊደል ስትጨመር ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል፤ ጥቂት ሳይሄድም «አቁም» የሚል ምልክት ይመጣና ፕሮቲኑ ሳያልቅ ይቋረጣል። በንባብ ቤት አንዲት ፊደል ጨምሮ ያነበበ ልጅ የቀረው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ትርጕም እንደሚያጣበት ማለት ነው። በ2004 የታተመ ሌላ ምርምር ደግሞ በመድኃኒት ከተለወጠ ዘር በተገኘ መሥመር የ«ቢ»ው ጂን የተሰናከለው ተዘዋዋሪ የዲኤንኤ ቍራጭ መካከሉ ገብቶበት መሆኑን አሳየ። መንገዱ ሌላ፣ ውጤቱ ግን አንድ ነው።

የ3 ለ 1 እንቈቅልሽም በዚሁ ተፈታ። በአሜሪካ ለናሙና ከተመረጡት የኦቾሎኒ መሥመሮች ከሦስት አንዱ ገደማ የ«ኤ»ውን ለውጥ ይዞ እንደሚገኝ በ2007 ታትሟል። ይህም በተለይ መሬት ለመሬት በሚሳበው ንኡስ ዝርያ የተለመደ ሲሆን፣ ቀጥ ብሎ በሚያድገው ዘንድ ብርቅ ነው። የ«ቢ»ው ለውጥ ግን በእነዚያ ናሙናዎች ውስጥ አልተገኘም። ስለዚህ የኤፍ 435 ዋና ሀብት የ«ቢ»ው ለውጥ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። እኔ ከነገሩ ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ የአንዱ በር ቍልፍ በብዙ ገበሬዎች እጅ ለዘመናት ሲዘዋወር ኖሮ፣ ሁለተኛው በር ስላልተገኘ ማንም ምንም አላወቀም።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ከኤፍ 435 የተገኘው የመጀመሪያው ለገበያ የበቃ ዝርያ ሰንኦሌይክ 95 አር ይባላል፤ የወጣውም በ1995 ነው። ከዚያ ወዲህ የማዳቀሉ ሥራ የተፋጠነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የኦቾሎኒ ክክ ራሱ የአዲሱ ትውልድ አካል መሆኑ ነው። ክኩ የሚይዘው ዘይት የእናቲቱን ሳይሆን የራሱን የፍሬውን ዘር ይከተላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፍሬ፣ ከሚበቅለው ጫፍ ራቅ ካለው በኩል፣ በምላጭ ጥቂት ቈርጦ ዘይቱን መመርመርና የቀረውን መዝራት ይቻላል። ፍሬው ቈስሎም ይበቅላል።

ሁለተኛው የዲኤንኤ ምልክት ነው። አንድ የታወቀ፣ ለአገሩ የተስማማ ዝርያ ሲኖረን ጠባዩን ሳንለውጥ ዘይቱን ብቻ ለመለወጥ ስንፈልግ፣ ዲቃላውን ደጋግመን ወደዚያው ዝርያ መልሰን እናዳቅላለን። የመጀመሪያው ዲቃላ ከአገሩ ዝርያ 50 በመቶ ይወርሳል፤ አንድ ጊዜ መልሰን ስናዳቅል 75፣ ሁለት ጊዜ 87.5፣ ሦስት ጊዜ 93.75 በመቶ ይሆናል። ችግሩ ጠባዩ ድብቅ በመሆኑ መልሰን ባዳቀልን ቍጥር ተሸሽጎ መቅረቱ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱን ዙር ራሱን በራሱ አዳቅሎ እንደገና እስኪገለጥ መጠበቅ ግዴታ ነበር። አሁን ግን ከቅጠል ጥቂት ወስዶ ሁለቱ ፊደላት ተለውጠው እንደ ሆነ ማንበብ ይቻላል። ሁለቱንም ለውጦች የያዘው፣ ወላጁ ከሁለቱ አንዱንም ከሌለው፣ ከአራት ችግኝ አንዱ ነው፤ እርሱን ይዞ ወደሚቀጥለው ዙር ማለፍ ነው። በሕንድ አገር ሐይደራባድ አጠገብ የሚገኘው ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋም ሰንኦሌይክ 95 አርን አባት አድርጎ በዚህ መንገድ ሠርቷል። ከዚሁ ሥራ የተገኙት ጊርናር 4 እና ጊርናር 5 የተባሉት ዝርያዎች በ2020 ለሕንድ ገበሬዎች ቀርበዋል።

ስለ ዘይቱ ብዛት የምለው አጭር ነው። በፍሬው ውስጥ ያለውን የዘይት መጠን የሚወስኑት ጂኖች ብዙ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻም ትንሽ ነው፤ ዝናብ፣ አፈርና የፍሬው መብሰልም ይገቡበታል። ለምሳሌ ያህል ዐሥር ጂኖች ቢሆኑና የሁሉንም መልካም ቅጂ በአንድ ፍሬ ላይ በእጥፍ ማግኘት ብንፈልግ፣ በሁለተኛው ትውልድ የምናገኘው ከአንድ ሚሊዮን ፍሬ በላይ ተቈጥሮ አንዱን ነው። እንግዲህ 47 ፍሬ መቍጠር ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። አየሩ በኦሌይክም ላይ ቢሆን ጥቂት ሥልጣን አለው። በብርድ ወራት የበሰለ የተለመደ ኦቾሎኒ ሊኖሌይኩ ከፍ ይላል፤ ያልበሰለ ፍሬም ከበሰለው ያነሰ ኦሌይክ ይኖረዋል። ሁለቱም ጂኖች የተሰናከሉበት ዝርያ ግን የሚቀርለት ኤንዛይም እምብዛም ስለ ሆነ፣ ብርድና ሙቀት ብዙ አያናውጡትም።

ይህን ሁሉ የሰማ ጓደኛ «ታዲያ ይህን ዘር አምጥተን ለምን አንዘራም?» ሊል ይችላል። እኔም ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን አስቀድመው የሚታሰቡ ነገሮች አሉ። ሊኖሌይክ የሰው ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ የግድ መገኘት ያለበት የስብ አሲድ ነው። ሌላ ዘይት የማያገኝ ሕዝብ በሚበላው ኦቾሎኒ ውስጥ ያለውን ሊኖሌይክ ከ30 በመቶ ወደ 2 በመቶ ማውረድ ቀላል ነገር አይደለም። በጾም ወራት በኑግ ዘይት የሚሠራ ቤት በዚህ ረገድ የሚያሳስበው የለም፤ ከኑጉ ከበቂ በላይ ያገኛልና። ጥያቄው ኑግ በማይገባበት ቤት ነው የሚነሣው። በአንጻሩ ከፍተኛ ኦሌይክ ያለው ኦቾሎኒ ፓልሚቲኩ ከ10 በመቶ ወደ 6 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ይህም ለልብና ለደም ሥር መልካም እንደ ሆነ ይቈጠራል።

ሌላው ነገር የሻጋታው መርዝ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በባቢሌ፣ በጉርሱምና በፈዲስ የሚበቅለው ኦቾሎኒ ከሚከሰስባቸው ነገሮች ዋናው አፍላቶክሲን ነው። የዘይቱ መለወጥ በዚህ ላይ መድኃኒት አይሆንም። አለመሽተትና አለመሻገት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም የማይሸት ፍሬ ተመርዞም እንደ ጤነኛ ሊበላ ስለሚችል፣ ማድረቁና መልቀሙ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የዘር ንጽሕና ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያወጣቸውን ባቢሌ የተባሉ ዝርያዎች ወላጅ አድርጎ፣ መልሶ በማዳቀል ከፍተኛ ኦሌይክ ያለው ባቢሌ መሥራት ከላይ በተነገረው ሒሳብ የሚቻል ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ገበሬዎቻችን ዘር የሚያስቀሩት ከራሳቸው አዝመራ ነው፤ ሲጐድልባቸውም ከገበያ ይገዛሉ። ቀይ ሽንብራ ከነጩ ቢደባለቅ ዓይን ይለየዋል። ይህ ጠባይ ግን ዓይን የለውም። በአንድ ጆንያ ውስጥ ጥቂት የተለመዱ ፍሬዎች ቢገቡ እነርሱ አስቀድመው ይሸቱና የቀሩትን ስም ያጠፋሉ። ተክሉ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ድብልቁ በብዛት የሚመጣው ከንብ ሳይሆን ከአውድማ፣ ከጆንያና ካለፈው ዓመት ማሳ ላይ ተረስቶ ከሚበቅል ፍሬ ነው። በውጭ አገር ፋብሪካዎች ኦሌይኩ የሊኖሌይኩን 9 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ ከፍተኛ ኦሌይክ ብለው አይቀበሉትም፤ ስለዚህ ፍሬ በፍሬ የሚመረምሩ የብርሃን መሣሪያዎች ይጠቀማሉ።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ውድ ነው። ርካሽ መንገድ ግን አለ። ሊኖሌይክ የበዛበት ዘይት ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ኦሌይክ ከበዛበት በጥቂቱ ይበልጣል። በዚህም ልዩነት ከፍተኛ ኦሌይክ ያለውን የኦቾሎኒ ዘይት ከተለመደው መለየት እንደሚቻል ተሞክሮ ታይቷል። የሚያስፈልገው ከአንድ ፍሬ የተጨመቀ ጠብታ ዘይት፣ ሙቀቱን የሚለካ ቴርሞሜትርና በብዙ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ሪፍራክቶሜትር ነው።